የስፕሪንግ መሞከሪያ ሳጥን፦ ስፕሪንጎቹ ከመምሪያው ይበልጣሉ

ለሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተብሎ የሚሸጠውን ይህን የስፕሪንግ መሞከሪያ ሳጥን ሁለት መንፈቀ ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር ስሠራበት ስለቆየሁ፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ለሚያስቡ መምህራንና የቤተ ሙከራ ኃላፊዎች ያየሁትን ጽፌ ባስቀምጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ጫፋቸው ላይ በተቀባው ቀለም የሚለዩ አምስት ስፕሪንጎች (ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ጥቁር)፣ ከሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም የብረት ዘንግ ከነመቆሚያው፣ ሁለት ተንሸራታች ጠቋሚ ያለው የእንጨት ማስመሪያ፣ 50 ግራም የተጻፈባቸው ክብደቶች ከነማንጠልጠያቸው፣ አንድ ዲጂታል የሩጫ ሰዓት፣ ክብ ካርቶንና ቀጭን መምሪያ ይገኙበታል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ ስፕሪንጎቹ በጣም ጥሩ ናቸው፤ መቆሚያው ደከም ያለ ነው፤ መምሪያው ግን ከስፕሪንጎቹ ሁሉ የተሻለውን እንደ ብልሹ የሚያስቆጥር ስለሆነ ባይኖር ይሻል ነበር።

ይህን የምለው ከቀዩ ስፕሪንግ ጋር ባሳለፍነው የመጀመሪያ ሳምንት ምክንያት ነው። ቀዩ ስፕሪንግ ጥምዝምዞቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የተጠቀለሉ፣ በብርሃን ፊት ቢይዙት እንኳ በመካከላቸው ክፍተት የማይታይ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቋሚ ቁጥሩ (ስፕሪንጉን በአንድ ሜትር ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ኃይል) 40 ኒውተን በሜትር መሆኑን ይገልጻል። አንድ የተማሪዎች ቡድን 50 ግራም ሰቀለበት፤ ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም። 100 ግራም ሲሰቅሉ 0.7 ሴንቲ ሜትር፣ 150 ግራም ሲሰቅሉ 1.9፣ 200 ግራም ሲሰቅሉ 3.2 ሴንቲ ሜትር ተለጠጠ። መምሪያው «ኃይሉን ለጭማሪው ርዝመት አካፍል» ስለሚል አካፈሉ፤ ለመጀመሪያው 140፣ ለሁለተኛው 77፣ ለሦስተኛው 61 ኒውተን በሜትር አገኙ። ቋሚ የተባለው ቁጥር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በታች ሲወርድ ያዩት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው መጥተው «ይህ ስፕሪንግ ተበላሽቷል» አሉኝ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ለሻጩ የምመልሰው መስሎኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ለብቻው አስቀምጬው ነበር።

ስህተቱ ግን ከስፕሪንጉ አልነበረም። ተጣብቀው የሚጠቀለሉ ስፕሪንጎች ሽቦው ሲጠመዘዝ ጀምሮ ጥምዝምዞቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ውጥረት ይኖራቸዋል፤ የተሰቀለው ክብደት ያንን ውጥረት እስኪያሸንፍ ድረስ ስፕሪንጉ አይከፈትም። በእኛ ቀይ ስፕሪንግ ይህ የመነሻ ውጥረት 0.7 ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ የ50 ግራም ክብደት ግን 0.49 ኒውተን ብቻ ስለሆነ ምንም አለመከሰቱ ትክክል ነበር። ኃይሉን በቁም መስመር፣ ጭማሪውን ርዝመት በአግድም መስመር አድርገን ግራፉን ስንሠራ፣ ስፕሪንጉ ከተከፈተ በኋላ ያሉት ነጥቦች በቀጥታ መስመር ላይ ቁጭ አሉ፤ የመስመሩም ተዳፋት 39 ሆኖ ከወረቀቱ 40 ጋር ለጥቂት ተለያየ። መስመሩ ታዲያ በዜሮ አያልፍም፤ ቁሙን መስመር ከፍ ብሎ ይቆርጠዋል፤ የሚቆርጥበት ቦታም የመነሻ ውጥረቱ ልክ ነው። መምሪያው ግን በሦስት የተለያዩ ገጾች «መስመሩን ከዜሮ ጀምረህ ስበው» ይላል። ያ ትእዛዝ ለአረንጓዴዎቹ ስፕሪንጎች ጉዳት የለውም፤ ለቀዩ ግን ልጁ በዓይኑ ያየውን ነጥብ ትቶ መጽሐፉ የፈለገውን መስመር እንዲስል ያደርገዋል። እኔ አሁን ትምህርቱን የምጀምረው በቀዩ ነው፤ ማካፈልና ተዳፋት መፈለግ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ ስፕሪንግ የበለጠ ያስረዳልኝ ዕቃ የለም።

በነገራችን ላይ ኃይልና ልጥጠት በእኩል መጠን አብረው ያድጋሉ የሚለውን ሕግ ያገኘው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ ራሱ ሕጉን እንዲህ በቀላሉ አልሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1676 ፊደላቱን አደባልቆ እንቆቅልሽ አድርጎ አሳተመው፤ ፍቺውን፣ ማለትም ልጥጠቱ እንደ ኃይሉ መጠን መሆኑን የገለጸው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከግራፉ ይልቅ እንቆቅልሹ ስለማረካቸው፣ የሙከራ ውጤታቸውን ፊደል አደባልቀው ያስረከቡኝ ሁለት ቡድኖች ነበሩ።

አረንጓዴዎቹ ስፕሪንጎች ለመጀመሪያ ሙከራ የተመቹ ናቸው። እያንዳንዱ 50 ግራም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይለጥጣቸዋል፤ ይህ መጠን በዓይን ለማንበብ ሰፊ፣ ከማስመሪያው ላለመውጣት ደግሞ ልከኛ ነው። ወረቀታቸው 25 ኒውተን በሜትር ቢልም አንደኛው 24.5፣ ሁለተኛው 23.8 ሆኖ ተገኘ፤ ለትምህርት ቤት ዕቃ ይህ የሚያስመሰግን ነው። አንዱን ከአንዱ በታች ሰቅለን ስንለካ ጥምር ቁጥራቸው ወደ 12 ወረደ፤ ጎን ለጎን አድርገን አንድ ክብደት ስናሸክማቸው ወደ 48 ወጣ። ሁለቱ ፍጹም እኩል ባለመሆናቸው ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚያገናኛቸው ዘንግ በአንድ ወገን ዘመም ይላል፤ ክብደቱን ከመሐል ወደ ጠንካራው ስፕሪንግ በጥቂቱ ጠጋ ማድረግ ያቃናዋል። ጥቁሩ ስፕሪንግ በአንጻሩ ከዚህ ሳጥን ጋር አይሄድም፤ ቋሚ ቁጥሩ 100 ስለሆነ 50 ግራም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ብቻ ይለጥጠዋል፣ በማስመሪያው ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር የንባብ ስህተትም ውጤቱን 20 በመቶ ያዛባል። ከባድ ክብደቶች ያሉት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከሳጥኑ ጋር የመጡት ግን አይበቁትም።

ክብደቶቹ ራሳቸው መመዘን አለባቸው። 50 ግራም ከተጻፈባቸው መካከል በሚዛን ላይ 48.6 የወጣም፣ 51.3 የወጣም አለ። መምሪያው ማንጠልጠያውም ክብደት እንዳለው አንድ ቦታ እንኳ አይጠቅስም፤ በዚህ ምክንያት በየክፍሉ ከሚደረደሩት ስህተቶች አንደኛው ማንጠልጠያውን ሳይቆጥሩ መመዝገብ ነው። እያንዳንዱን ክብደት መዝኜ እውነተኛ መጠኑን በቋሚ ቀለም ጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ የፈጀ ሥራ ሆኖ ከብዙ ክርክር ገላግሎኛል። ለማስመሪያው ደግሞ ከጎኑ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ለጠፍኩበት። ተማሪው ጠቋሚው በመስታወቱ ውስጥ ያለውን የራሱን ምስል ሲሸፍን ካነበበ ዓይኑ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ካልሸፈነ ወይ ከላይ ወይ ከታች እያየ ስለሆነ ንባቡ ይሳሳታል። የሳጥኑ ጠቋሚዎች ከማስመሪያው ፊት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀው ስለሚቆሙ ያለ መስታወት ይህ ስህተት ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ውዝዋዜው ልለፍ፤ የሳጥኑ ዋጋ በይበልጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ስፕሪንግ ላይ የተሰቀለ ክብደት ወደ ታች ተስቦ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ወርዶ ወጥቶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ፣ መጠነ ቁሱ ለስፕሪንጉ ቋሚ ቁጥር ተካፍሎ፣ የውጤቱ ዳግም ዘር በሁለት ፓይ ሲባዛ የሚገኘው ነው። አረንጓዴው ስፕሪንግ ላይ 300 ግራም ሲሰቀል ይህ ወደ 0.7 ሰከንድ ይሆናል። መምሪያው «አምስት ውዝዋዜ ቁጠር» ይላል፤ አምስቱ 3.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃሉ ማለት ነው። የሰው ጣት ሰዓቱን ለመጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ወይም ሊቀድም ስለሚችል፣ በ3.5 ሰከንድ ላይ ይህ 6 በመቶ የሚጠጋ ስህተት ነው፤ ቋሚውን ቁጥር ለማግኘት ጊዜው ራሱ በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ከ11 በመቶ በላይ ይደርሳል። 30 ውዝዋዜ ቢቆጠር ግን ጠቅላላው ጊዜ 21 ሰከንድ ስለሚሆን የጣቱ ስህተት ወደ 1 በመቶ፣ የቋሚው ቁጥር ስህተት ደግሞ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። መምሪያውን የጻፈው ሰው ሃያ አምስት ተጨማሪ ውዝዋዜ ለመቁጠር ለምን እንደሰነፈ አይገባኝም።

ሌላው ተማሪዎች የሚሳሳቱበት፣ ክብደቱ ከታች ሲደርስ ሰዓቱን መጫናቸው ነው። ከታች ሲደርስ ለመዞር ስለሚዘገይ የደረሰበት ቅጽበት አይለይም፤ በመሐል፣ ማለትም ሳይነካ በሚቆምበት ነጥብ ላይ ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ ከሁሉም ቦታ የበለጠ ስለሆነ ቅጽበቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛውን ጠቋሚ በዚያ ነጥብ ላይ አድርጎ፣ ክብደቱ ወደ ታች ሲያልፈው ብቻ «ዜሮ» ብሎ ቆጠራ መጀመር ይገባል። «አንድ» ብለው የሚጀምሩት ሁልጊዜ አንድ ውዝዋዜ ያጎድላሉ፤ ይህን የማያደርግ ክፍል እስካሁን አልገጠመኝም። ከሳጥኑ ጋር የመጣው የሩጫ ሰዓት አዝራሩ አንዴ ሲጫን ሁለቴ የሚቆጥርበት ጊዜ ስለበዛ ወደ መሳቢያ ገብቷል፤ የስልክ ሰዓት ይበቃል።

ከስፕሪንጎቹ ሁሉ ተማሪን የሚያስደንቀው ሰማያዊው ነው። ሰፊና ከባድ ነው፤ የሽቦው ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር፣ የጥምዝምዙ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር፣ የራሱ መጠነ ቁስ 54 ግራም፣ ቋሚ ቁጥሩ ደግሞ 8 ኒውተን በሜትር ብቻ ነው። 100 ግራም ሰቅለን በስሌቱ መሠረት 20 ውዝዋዜ በ14.0 ሰከንድ ማለቅ ነበረበት፤ ሦስት ቡድኖች የለኩት ግን ከ15.2 እስከ 15.4 ሰከንድ ነበር። ከአንድ ሰከንድ በላይ የሆነ ልዩነት በጣት መዘግየት አይሳበብም። ምክንያቱ ስፕሪንጉ ራሱም አብሮ መወዛወዙ ነው፤ ከላይ የታሰረው ጫፉ አይንቀሳቀስም፣ የታችኛው ጫፍ ከክብደቱ እኩል ይንቀሳቀሳል፣ በመካከል ያለው ደግሞ እንደየቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ድምሩ ሲሰላ የስፕሪንጉ መጠነ ቁስ አንድ ሦስተኛ በተሰቀለው ክብደት ላይ እንደተጨመረ ይቆጠራል። የ54 አንድ ሦስተኛ 18 ግራም ነው፤ 118 ግራም ብለን ብናሰላ 15.3 ሰከንድ እናገኛለን። ይህን ቀድሜ ሳልነግራቸው፣ የጊዜውን ዳግም (በራሱ የተባዛውን ጊዜ) ከመጠነ ቁሱ አንጻር ግራፍ እንዲሠሩ አድርጌ መስመሩ ከዜሮ ይልቅ ወደ ግራ ወጥቶ በ19 ግራም ገደማ አግድሙን መስመር ሲቆርጥ ባዩ ጊዜ፣ አንዲት ተማሪ ስፕሪንጉን አውልቃ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ ለሦስት ስታካፍለው ደግሞ የክፍሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። መምሪያው በዚህ ቦታ «ስፕሪንጉ ክብደት የለውም ብለህ ውሰድ» ይላል፤ ልክ 54 ግራም ለሆነ ዕቃ!

ወደ ቀዩ ስፕሪንግ ለአፍታ ልመለስ። የመነሻ ውጥረት ቢኖረውም ውዝዋዜው በ40 ኒውተን በሜትር ነው የሚሰላው፣ ጥምዝምዞቹ እስካልተጋጩ ድረስ። 200 ግራም ሰቅለን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ስበን ስንለቀው ግን ወደ ላይ ሲመለስ ጥምዝምዞቹ ይዘጋሉ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ክብደቱም መንጠቆው ላይ ይዘላል። ድምፁ ከተሰማ ያ ልኬት አይመዘገብም ብዬ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ጆሮአቸውን አስጠግተው ነው የሚለኩት።

የመቆሚያው ነገር ቅር ያሰኛል። ዘንጉ ከሦስት ቁራጭ በብሎን ስለሚገጣጠም ብሎኑ በውዝዋዜው እየላላ ይሄዳል፤ የዘንጉ ጫፍ ከክብደቱ ጋር አብሮ ሲወዛወዝ ደግሞ የሚለካው የስፕሪንጉ ብቻ ሳይሆን የስፕሪንጉና የዘንጉ ጥምር ይሆናል። መሠረቱ ቀላል ስለሆነ ከጠረጴዛው ጋር በማሰሪያ ካልተያዘ አይታመንም፤ ማሰሪያው ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም። ክብደት ሲወድቅ የእግር ጣት እንዳይመታ ከታች ስፖንጅ ማድረግ፣ የተለጠጠ ስፕሪንግ ከመንጠቆው ሲያመልጥ ዓይን እንዳያገኝ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው፤ ሳጥኑ መነጽርም አላካተተም፣ መምሪያውም አያስጠነቅቅም።

መቆሚያው ላይ ያሳበብኩት አንድ ነገር ግን የእርሱ ጥፋት እንዳልነበረ በኋላ ተረድቻለሁ። ሁለቱን አረንጓዴ ስፕሪንጎች አንዱን ከአንዱ በታች ሰቅለን 100 ግራም አንጠልጥለን ቀጥ አድርገን ወደ ታች ስንለቅ፣ ክብደቱ ጥቂት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ካለ በኋላ ራሱን ወደ ጎን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ ሽቅብ ቁልቁሉ ሊጠፋ ይቃረባል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የጎኑ ይበርድና ሽቅብ ቁልቁሉ ይመለሳል። ብሎኑን አጥብቄ፣ መቆሚያውን ሁለት ጊዜ ቀይሬ አልለቀቀኝም። ኋላ ሲሰላ ምክንያቱ ተገኘ፦ ሁለቱ ስፕሪንጎች በ100 ግራም 8 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣሉ፤ ስፕሪንጎቹ ከተሰቀሉበት ነጥብ እስከ ክብደቱ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ 32 ሴንቲ ሜትር፣ የልጥጠቱ አራት እጥፍ ነው። በዚህ ልክ ላይ እንደ ፔንዱለም ወደ ጎን ለመወዛወዝ የሚወስደው ጊዜ፣ 1.14 ሰከንድ ገደማ፣ ሽቅብ ቁልቁል ለመወዛወዝ ከሚወስደው 0.57 ሰከንድ ልክ እጥፍ ስለሚሆን አንዱ እንቅስቃሴ ሌላውን ይመግባል። ክብደቱን ወደ 150 ግራም ከፍ ስናደርግ ችግሩ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ነገር ማሳየት ለሚወድ መምህር ሳጥኑ ሳያስበው የሰጠው ስጦታ ነው፤ ጊዜ ለመለካት ለሚፈልግ ግን ይህን ጥምረት ማስወገድ ይሻላል።

በአረንጓዴዎቹ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደሚቻል በወረቀታቸው ላይ አልተጻፈም፤ ይህ አምራቹ ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው። አንድ ተማሪ በክብደት ምትክ የራሱን እጅ ተጠቅሞ አንደኛውን ሳበው፤ ሲለቀው የቀድሞ ርዝመቱ 7.0 ሴንቲ ሜትር የነበረው 7.6 ሆኖ ቀረ፤ ከመለጠጥ ወሰኑ አልፏልና። እንደገና ስንለካው ግን ቋሚ ቁጥሩ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው መነሻ ርዝመቱ ነው። የማይመለስ ስለሆነ አዝኜ ከመጣል ይልቅ 60ውን ዙር ከመሐል በመቁረጫ ለሁለት ከፈልኩትና እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ለካን፤ ሁለቱም ወደ 48 ኒውተን በሜትር፣ ማለትም የሙሉው እጥፍ ሆኑ። «ግማሽ ስፕሪንግ ግማሽ ጥንካሬ አለው» ብለው የተወራረዱት ልጆች ተሸነፉ።

ያንኑ ቁራጭ ይዘን የሽቦውን ውፍረት በማይክሮሜትር ለካን፤ 0.70 ሚሊ ሜትር ሆነ። የብረቱን የመጠምዘዝ ጽናት 80 ጊጋ ፓስካል፣ የጥምዝምዙን አማካይ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር፣ ዙሩን 60 አድርገን ስናሰላ ለሙሉው ስፕሪንግ 23 ኒውተን በሜትር አገኘን። ውፍረቱን 0.71 ብናደርገው ግን ስሌቱ 24.5 ይላል፤ ውፍረቱ በስሌቱ ውስጥ አራት ጊዜ ራሱን በራሱ ስለሚባዛ የአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ውጤቱን 6 በመቶ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ሁለቱ አረንጓዴዎች ለምን 24.5 እና 23.8 ሆነው እንደተለያዩ የጠየቁኝ ልጆች መልሱን ከዚህ ወሰዱ።

ክብ ካርቶኑ ከክብደቱ ሥር ሲታሰር አየሩ ውዝዋዜውን ያበርደዋል፤ የውዝዋዜው ስፋት ሲቀንስ ጊዜው እንደማይለወጥ ያሳያል፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለኝም፣ ከማንኛውም ካርቶን ሊቆረጥ ይችላል።

ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ዕቃ ስጠይቅ ሙሉውን ሳጥን አላዘዝኩም። አምራቹ ስፕሪንጎቹን ለብቻቸውም ስለሚሸጥ አራት አረንጓዴ፣ ሁለት ሰማያዊና ሁለት ቀይ አስመጣሁ፤ ቀዮቹ ተጣብቀው የተጠቀለሉት እንዲሆኑ በማዘዣው ላይ ለይቼ ጻፍኩ።